ካሴቱ አልጫወት ሲል መጀመሪያ ዴኩን ጠርጥሩ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወዳለችው የጥገና ሱቄ የድሮ ቪድዮ ካሴት ይዞ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፍርዱን ቤቱ ጨርሶ ነው የሚመጣው። «ካሴቱ ሞቷል፤ ትንሽ እንኳን ሥዕል ታወጣልኝ እንደሆነ ብዬ ነው» ይለኛል። ካሴቱ ላይ ያለው የእህቱ ሰርግ ነው፤ ወይም አባቱ ከሐጅ ሲመለሱ የተደረገላቸው አቀባበል፣ ወይም የበኩር ልጁ ክርስትና። ካሴቱን የሚያጫውተውን መሣሪያ፣ ዴኩን፣ ግን ይዞ አይመጣም፤ መብራቱ ስለሚበራና ሞተሩ ስለሚሰማ ጤነኛ ነው ብሎ አምኗል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ዴኩ ነው። ሬድዮ፣ ቴፕና ዴክ ስጠግን ስኖር ያየሁት ይህንን ነው፦ ሞተ ተብሎ ከሚመጣልኝ ካሴት ብዙው አልሞተም፤ የታመመው የሚያጫውተው መሣሪያ ነው።

ካሴት ውስጥ ያለው ማግኔታዊ ዱቄት የተቀባ ቀጭን የፕላስቲክ ክር ነው። ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ብዙ ዓመት ይችላል። ዴኩ ግን ጎማ አለው፣ ቺንጋ አለው፣ ቅባት አለው። ጎማው ይደርቃል፣ ቺንጋው ይላላል፣ ቅባቱ እንደ ሙጫ ይረጋል። የተለመደው ትልቁ የቪድዮ ካሴት ዓይነት ቪኤችኤስ ይባላል፤ የመጨረሻው የቪኤችኤስ ዴክ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ማምረቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ስለሆነ፣ ዛሬ በማንም ቤት የሚገኝ ዴክ ያረጀ ዴክ ነው። ያረጀ ዴክ ደግሞ ጤነኛ ካሴት ይበላል። ስለዚህ የምትሳሱለትን ካሴት የዴክ መሞከሪያ አታድርጉት። ማንም የማይፈልገው የድሮ ፊልም ካሴት ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ፈልጉና እሱ የሙከራ ካሴት ይሁን። ዴኩ የሙከራውን ካሴት በደንብ ካጫወተ፣ ካጠነጠነና በሰላም ካስወጣ በኋላ ብቻ የሰርጉ ካሴት ይግባ።

ከማስገባታችሁ በፊት በእጅና በዓይን

ካሴቱን አንሡና ርዕስ በሚለጠፍበት ጠባብ ጎኑ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ፈልጉ። አሁንም ካለች በካቻቢቴ ሰብራችሁ አውጧት። ጥርሷ ከሌለች ዴኩ በላዩ አይቀዳም። ቁልፍ በስሕተት ተነክቶ ሰርጉ መሃል ላይ ባዶ ሰማያዊ ስክሪን የተቀዳባቸው ካሴቶች እጄ ገብተው ያውቃሉ፤ በላዩ የተቀዳበትን የሚመልስ ጥገና የለም። ሌላው ብልሽት ሁሉ ተስፋ አለው፣ ይህ ግን የለውም። ለዚህ ነው ከሁሉ የማስቀድመው።

ቀጥሎ በመስኮቱ የተጠቀለለውን ክር በብርሃን ተመልከቱ። ጠርዙ ጥቁር፣ ለስላሳና እኩል መሆን አለበት። ነጭ ዱቄት ወይም ነጭ ክብ ነጠብጣብ ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ካሴቱን ወደ ዴክ አታስጠጉት፣ ስለ እሱ ከታች እመለሳለሁ። ነጭ ነገር ከሌለ ካሴቱን ገልብጡት። ከታች መሃል ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በእስክሪብቶ ጫፍ ጫን ስትሉ የሁለቱ ማጠንጠኛዎች ፍሬን ይለቃል። ያን ጊዜ በጣታችሁ አዙሯቸው። በቀላሉ ከዞሩ ጥሩ ነው። ከተያዙ አታስገድዱ፤ ክሩ እርስ በርሱ ተጣብቆ ወይም ጠርዙ ተጣጥፎ ሊሆን ይችላል። የፊቱን መክደኛ ደግሞ በጎን ያለችውን ቁልፍ ተጭናችሁ ከፍ አድርጉና የሚታየውን ክር ተመልከቱ፤ የተጨማደደ ቦታ ካለ አሁኑኑ እወቁት።

የተሰነጠቀ ወይም የተረገጠ ካሴት አትጣሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሽቶ፣ ሲመለስ ቴሌቪዥኑም ዴኩም ተወስዶ ካሴቶቹ ብቻ ወለል ላይ ተበትነው የጠበቁት ቤተሰብ አለ። እንደዚህ ያለው ካሴት የሚጎዳው ቅርፊቱ ነው። የቪኤችኤስ ቅርፊት ከታች በአምስት ብሎኖች የተያያዘ ነው፤ ጤነኛ ቅርፊት ካለው ሌላ ካሴት ውስጡን አውጥታችሁ የተጎዳውን ካሴት ሁለቱን ማጠንጠኛዎች እንደነበሩ ወደዚያ ማዛወር ይቻላል። ከመንቀሳቀሱ በፊት ክሩ በየትኛው ምሰሶ ዞሮ እንደሚያልፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። እጃችሁ ደረቅና ንጹሕ ይሁን፤ የጣት ላብና ቅባት ክሩ ላይ ይቀራል።

ስክሪኑ ምን እያለ ነው?

ምንም ሥዕል ከሌለ መጀመሪያ ገመዱን ተመልከቱ። ከዴኩ የሚወጣው ቢጫ ገመድ ሥዕል ነው፣ ነጭና ቀዩ ድምፅ። በብዙ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ላይ ቢጫው ለብቻው ቦታ የለውም፤ አረንጓዴው ቀዳዳ ላይ ነው የሚገባው። አንዳንዶቹ ደግሞ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ያለ አንድ ቀዳዳ ብቻ ስላላቸው ማገናኛ ይፈልጋሉ። ከዚያ በሪሞቱ ምንጩን ኤቪ ላይ አድርጉ። ዴኩ የአንቴና መውጫ ብቻ ካለው ቴሌቪዥኑን በአናሎግ ቻናል ፍለጋ አስሱት፤ ብዙ ጊዜ ቻናል 36 አካባቢ ይገኛል። ሥዕሉ መጥቶ ቀለም ከሌለው ቢጫውን ለኮምፖነንት፣ ማለትም ሥዕልን በሦስት ገመድ ለሚቀበለው መንገድ፣ በተመደበ ምንጭ ላይ እያያችሁት እንዳይሆን አረጋግጡ።

ድምፁ ጥርት ብሎ እየተሰማ ስክሪኑ በሙሉ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ድምፁን የሚያነበው አንድ ቦታ የቆመ ማንበቢያ ነው፤ ሥዕሉን የሚያነቡት ግን ዘንበል ባለው በሚሽከረከረው ሲሊንደር ላይ ፊትና ኋላ የተቀመጡ ደቃቅ ማንበቢያዎች ናቸው፤ ቴክኒሻኖች ሄድ የምንላቸው። ድምፁ ካለ ክሩ አልጠፋም፣ አልተሰረዘም፤ የቆሸሸው ሄዱ ነው። ሥዕሉ ግማሹ ታይቶ ግማሹ እየተንቀጠቀጠ ከነጠበ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ተደፍኗል ማለት ነው። በእኛ አገር በሚሠራበት ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ሲሊንደሩ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለቱ ሄዶች የሥዕሉን እኩሌታ እኩሌታ ያነባሉ። በዚህ ፍጥነት የአቧራ ቅንጣት የምታክል ነገር ሥዕሉን ለማጥፋት ትበቃለች።

በሥዕሉ ላይ አግድም የሚሄድ ወይም አንድ ቦታ የቆመ የነጠብጣብ መቀነት ከሆነ ትራኪንግ ነው፤ ሄዱ ክሩ ላይ ያለውን የተቀዳ መስመር በትክክል አልተከተለም ማለት ነው። ካሴቱ የተቀዳበት ካሜራና የእናንተ ዴክ በፀጉር ስፋት ይለያያሉ። እየተጫወተ ሳለ የትራኪንግ ቁልፉን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ቀንሱ፤ ለብቻው ቁልፍ ከሌለው በብዙ ዴኮች የቻናል መጨመሪያና መቀነሻው በማጫወት ጊዜ ያንን ሥራ ይሠራል። መቀነቱ በትራኪንግ የማይነቃነቅ ሆኖ ሁልጊዜ ከላይ ወይም ከታች ከቆመ፣ የሙከራውን ካሴት አስገቡ። በእሱም ላይ ከታየ ክሩን የሚመሩት የዴኩ ምሰሶዎች ከቦታቸው ተዛንፈዋል። ይህን ለባለሙያ ተዉት፤ አንዴ ያለ መለኪያ ከተነካ ለመመለስ ያስቸግራል። በጣም ከታች፣ በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ብቻ ያለች ቀጭን የምትንቀጠቀጥ መስመር ግን ብልሽት አይደለችም። ከድሮም ነበረች፤ የድሮው ቴሌቪዥን ጠርዙን ስለሚሸፍናት አናያትም ነበር።

ሥዕሉ ከላይ እንደ ባንዲራ ወደ ጎን ከታጠፈ ክሩ ተለጥጧል ወይም ዴኩ የሚወጥርበት ኃይል ተዛብቷል። ድምፁ የሚወዛወዝ ከሆነ ክሩን የሚጎትተውን ጎማ ተመልከቱ፤ ደርቆ እንደ መስታወት ማብለጭለጭ ከጀመረ ክሩን አይዝም። ድምፁ የቀጨጨ ሕፃን ድምፅ ከሆነና ሥዕሉ ከተቆራረጠ ካሴቱ ረጅም ጊዜ በሚያስቀዳው ዝግተኛ ፍጥነት፣ ኤልፒ በሚባለው፣ የተቀዳ ሊሆን ይችላል፤ የሰርግ ቪድዮ ቀራጮች ካሴት ለመቆጠብ እንዲህ ሲቀዱ ነበር። ኤልፒ የሚል ምልክት ያለበት ዴክ ፈልጉ።

ዴኩ ካሴቱን ተቀብሎ ጥቂት ሴኮንድ አጫውቶ የሚያጠፋ ወይም የሚተፋ ከሆነ፣ የሚጠቀልለው ማጠንጠኛ እየዞረ አይደለም። ዴኩ መዞሩን የሚቆጣጠር ሴንሰር አለው፤ ካልዞረ ክሩ ውስጥ እንዳይዘረገፍ ራሱ ያቆማል። እንዲህ ያለውን ዴክ ደጋግማችሁ አትሞክሩበት። ቺንጋው ወይም ማዞሪያው ጎማ ተቀይሮ ይመለስ።

ሄድ ማጽዳት

በሱቅ የሚሸጡትን ደረቅ የማጽጃ ካሴቶች አልወድም። በመፋቅ ነው የሚያጸዱት፤ ደጋግሞ የተጠቀመባቸው ሰው ሄዱን ይጨርሳል። በእጅ ማጽዳት ይሻላል፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ዴኩን ከሶኬት ንቀሉና ጥቂት ቆዩ። ክዳኑን ስትከፍቱ የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚገባበትን ክፍል አትንኩ፤ እዚያ ያለው ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። የሚያብለጨልጨውን ሲሊንደር ታያላችሁ። ማጽጃው 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ቢሆን ይመረጣል። በፋርማሲ በብዛት የሚገኘው የ70 በመቶው ውሃ ስላለበት በእሱ ከሠራችሁ የማድረቂያውን ጊዜ አብዙ። የእጅ ማጽጃ ጄል አይሆንም፤ ግሊሰሪኑ ይቀራል። አረቄ፣ ሽቶና ቤንዚን በምንም መንገድ አይቅረቡ።

ንጹሕ ነጭ የኮፒ ወረቀት ሁለት ጣት ስፋት ቅደዱና በአልኮሉ አርጥቡት። ወረቀቱን በአንድ እጅ ሲሊንደሩ ላይ ለጥ አድርጋችሁ ሳታንቀሳቅሱት ያዙ፤ በሌላው እጅ ሲሊንደሩን ከላይ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። የሚዞረው ሲሊንደሩ ነው፣ ወረቀቱ አይደለም። ወደ ላይና ወደ ታች በፍጹም አትፈግፍጉ፤ የሄዱ ጫፍ ተሰባሪ ነው፣ በአንድ ፍግፈጋ ዴኩ ያበቃለታል። የጆሮ ጥጥ እዚህ አይገባም፤ የጥጡ ቃጫ ሄዱን ይዞ ይነቅለዋል። ወረቀቱ ጥቁር ወይም ቡናማ ባወጣ ቁጥር ቀይሩ፣ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ ቀጥሉ። የቆመውን የድምፅ ማንበቢያና ክር የሚጎትተውን ቀጭን ብረት ግን በጥጥ ማጽዳት ይቻላል። ጨርሳችሁ ግማሽ ሰዓት አድርቁት።

ክዳኑ ተከፍቶ ስትሞክሩ ዴኩ ካሴቱን አልቀበልም ካለ አትደንግጡ። ክሩ ማለቁን የሚያውቀው በዓይን በማይታይ ብርሃን ነው፤ የካሴቱ ሁለት ጫፎች ብርሃን አሳላፊ ናቸው። የመስኮት ፀሐይ ከላይ ከገባበት ክሩ ያለቀ ይመስለዋል። ካርቶን ጣል አድርጉበት፣ ይሠራል።

ዴኩ ክሩን ሲበላ፣ መብራትም ሲጠፋ

እየተጫወተ መብራት ቢጠፋ ክሩ ከካሴቱ ወጥቶ በሲሊንደሩ ላይ እንደተጠመጠመ ይቀራል። አትጎትቱት፤ መብራቱ ሲመለስ አብዛኛው ዴክ ራሱ ሰብስቦ ይመልሰዋል። ለጊዜው ከሶኬት ንቀሉት፤ መብራት ሲመለስ ከፍና ዝቅ የሚለው ኃይል ነው የዴኮችን ፓወር ሳፕላይ የሚያቃጥለው። ስታቢላይዘር ያለው ሰው በእሱ ይሰካ።

ክሩ ተበልቶ ካሴቱ አልወጣ ሲል የብዙ ሰው የመጀመሪያ እርምጃ መጎተት ነው። እሱ ነው ካሴት የሚገድለው። ንቀሉት፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ ክሩ የተያዘበትን ቦታ በዓይናችሁ ፈልጉና በጣት ቀስ እያላችሁ አላቁት፤ ካሴቱ ነጻ ሲሆን የተረፈውን ክር በማጠንጠኛው ወደ ውስጥ መልሱ። የተጨማደደው ቦታ ሲጫወት ለጥቂት ሴኮንድ ይረበሻል፣ ሌላው ደኅና ነው። ከተበጠሰ ደግሞ በቤት ስኮች አትለጥፉት። ሙጫው በሙቀት ይወጣና ሄዱን ይደፍናል። ለክር መቀጠያ የተሠራ ቀጭን ፕላስተር ያስፈልጋል፤ የሚለጠፈውም ወደ ካሴቱ ውስጥ በሚያየው ጀርባ ላይ እንጂ ሥዕሉ ባለበት ፊት አይደለም።

ከጅዳና ከአሜሪካ የመጡ ካሴቶች

በወሎ ከውጭ ዘመድ የላከው ካሴት የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ካሴቱ ከአሜሪካ ከሆነ የተቀዳው ኤንቲኤስሲ በሚባል ሌላ ሥርዓት ነው፤ የእኛ ዴክና ቴሌቪዥን ፓል ነው። ሥዕሉ ይንከባለላል፣ ቀለም የለውም፣ ድምፁም ይጎተታል። ከሳዑዲ ከሆነ ደግሞ እዚያ ቀደም ሲል ሴካም የሚባል ሥርዓት ይሠራበት ስለነበር ሥዕሉ ቆሞ ግን ጥቁርና ነጭ ሊሆን ይችላል። አንድ የደሴ ሆጤ ሰፈር እናት ጅዳ የምትኖር ልጃቸው የላከችውን ካሴት አምጥተው «ልጄን በቀለም አላየኋትም» ብለውኛል። ካሴቱ ምንም አልነበረበትም። ሁሉንም ሥርዓት የሚያነብ፣ መልቲ ሲስተም የሚባል ዴክ ነው የሚፈልገው፤ ለባሕረ ሰላጤው ገበያ ከተሠሩት ዴኮች ብዙዎቹ እንደዚያ ስለሆኑ ዘመዶቻችን ከዚያ ይዘው የመጡትን ጠይቁ።

ትንንሾቹ ካሴቶች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ቪኤችኤስ ሲ የሚባለው በማቀፊያ ውስጥ ገብቶ በተራ ዴክ ይጫወታል፤ ማቀፊያው ባትሪ የሚፈልግ ከሆነ ባትሪውን ቀይሩ። የ8 ሚሊሜትሩና ሚኒ ዲቪው ግን ማቀፊያ የላቸውም፤ የየራሳቸውን ዓይነት ካሜራ ይፈልጋሉ።

የደሴ ጭጋግ፣ የኮምቦልቻ ሙቀት

ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ድረስ ይገባል፤ አልጋ ሥር ወይም ከውጭው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ የተቀመጠ ካሴት ሻጋታ የሚያበቅለው ያኔ ነው። የሻገተን ካሴት ካጫወታችሁ ሻጋታው ዴኩ ውስጥ ይራገፍና በቀጣዩ ካሴት ላይ ይሄዳል። ከሌሎቹ ለዩት። በሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከጫማና ከቦርሳ ጋር ከሚመጡት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ብዙ አድርጋችሁ ለቀናት አቆዩት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ክሩ ይጣመማል። ሲደርቅ ቅርፊቱን ከፍታችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍናችሁ፣ ከቤት ውጭ ጠርዙን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ቢበላሽ በማይቆጭ ዴክ ይጫወት፤ ወዲያው ሄዱ ይጽዳ።

ኮምቦልቻ ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ናት፣ ወደ 1850 ሜትር ግድም። እዚያ ችግሩ አቧራና በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚታፈን ሙቀት ነው፤ ኮርኒስ ላይ ካሴት አታስቀምጡ። ደግሞ ከደሴ ማለዳ ብርድ ካሴት በሚኒባስ ይዞ ወርዶ እንደ ደረሰ ወደ ዴክ የሚያስገባ ሰው አለ። ሞቃቱ አየር በቀዝቃዛው ክር ላይ ጠል ይሆናል፤ እርጥቡ ክር ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። በሣጥኑ እንዳለ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቆይ።

በተጫወተበት ቀን ቅዱት

ካሴቱ በደንብ መጫወት የጀመረበት ቀን የመቅጃው ቀን ነው። ለነገ አታሳድሩት፤ ዴኩ ነገ ላይሠራ ይችላል። የዴኩን ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ ተቀብሎ በዩኤስቢ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ትንሽ መቅጃ በቂ ነው። ሥርዓቱን ፓል፣ መጠኑን 720 በ576፣ ፍጥነቱን በሴኮንድ 25 ፍሬም አድርጉ። በሴኮንድ 6 ሜጋቢት ከቀዳችሁ አንድ ሰዓት ወደ 2.7 ጊጋባይት ይወስዳል፤ የሦስት ሰዓቱ ኢ 180 ካሴት ከነሙሉው ወደ 8 ጊጋባይት ነው። ካሴቱ የሚንቀጠቀጥ ሆኖ መቅጃው ሥዕሉን እየቆረጠ ካስቸገረ በመሃል የድሮ ዲቪዲ መቅጃ አስገብታችሁ በእሱ በኩል አሳልፉት፤ ብዙ ጊዜ ያረጋጋዋል።

እየተቀዳ ሳለ የቤቱን ትልልቅ ሰዎች አጠገባችሁ አስቀምጡ። በሰርጉ ድንኳን ውስጥ ያለፉት እነማን እንደሆኑ፣ ማን የማን ሚዜ እንደነበረ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ በስንተኛው ደቂቃ ማን እንደታየ በደብተር ጻፉት። ፋይሉን በሁለት ሃርድ ዲስክ አስቀምጡ፤ አንዱ በሌላ ዘመድ ቤት ይሁን፣ ፍላሽ ብቻውን አይበቃም። ካሴቱን ግን እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ፣ በሣጥኑ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ፣ ከወለልና ከውጭ ግድግዳ አርቃችሁ አቆዩት፤ ወደፊት የተሻለ ዴክ ካገኛችሁ እንደገና ትቀዱታላችሁ።